ሳይቃጠል በቅጠል
(ስለ ቢንቢ ማባረሪያ ዕፀዋት በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ትልልቅ ጉዳይ ነው። ስለ ሀገር ዕድገት፥ ስለ ትምህርት መሻሻል፥ ስለ አፍሪካ አንድነት ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኛ ግን ዛሬ የቆምነው በጣት ጥፍር ላይ ተቀምጣ ቦታ ስለሚተርፋት ስለ አንዲት ፍጥረት፥ ይኸውም ስለ ቢንቢ፥ እርስዋንም ከግቢያችን ለማራቅ ስለሚረዱን የጓሮ ዕፀዋት ለመናገር ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር ጥቂት ቁጥር ያዳምጠን። በ1958 በሀገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ቤት ለቤት መድኃኒት ተረጨ፤ ብዙ ሕይወትም ዳነ። ይሁን እንጂ ጠላቱ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ 1157 ሰዎችም ሞተዋል። እንግዲህ ፍጥረቲቱ ትንሽ ብትሆንም ጉዳዩ ትንሽ አይደለም።

«አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ ወባ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለእርሱ ሁለት መልስ አለን። አንደኛው፥ ከመካከላችን ብዙዎቻችን የቆላና የወይና ደጋ ልጆች ነን። የወባ ዋናው ወራት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለ ሆነ፥ እኛ እዚህ ደብተር ስንገልጥ በየቤታችን የቀሩት ታናናሾቻችን የሚታመሙት በዚያው ሰዓት ነው። ሁለተኛው፥ ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ብቻ ናት የሚለው ትምህርት ዛሬ አርጅቷል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፥ ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር በኩል የመጣች የወባ ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፥ በ2016 ደግሞ በሀገራችን በቀብሪ ደሐር ታየች። ይህቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። የምትራባውም በበርሜል፥ በሮቶና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው። በ2022 በድሬዳዋ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ከእርስዋ ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ስለዚህ የጦር ሜዳው ሩቅ አይደለም፤ የየራሳችን ግቢ ነው።

አሁን ወደ ዕፀዋቱ እንመለስ። በዚህ ነገር ላይ በተማሪው መካከል ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ እንዳለ ተመልክተናል። አንደኛው ወገን፥ እናቱ ማታ ማታ ጥንጁት ስታጨስ ሲያይ «ይህ የድሮ ልማድ ነው፤ ሳይንስ አያውቀውም» ብሎ ፈገግ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ከቅጠል የመጣ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም፤ አባቶቻችን በዚህ ኖረዋል፤ አጎበርም ርጭትም አያስፈልገንም» ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። አንደኛው ሳይመረምር ይንቃል፤ ሁለተኛውም ሳይመረምር ያመልካል። የተማረ ሰው ሥራ ግን መመዘን ነው።

በመጀመሪያ ቢንቢ ሰውን እንዴት እንደምታገኝ እንመልከት። የምትነክሰው ሴቲቱ ብቻ ናት። ምክንያቱም እንቁላልዋን ለማሳደግ ደም ያስፈልጋታል፤ ወንዱ የአበባ ማር እየቀሰመ ይኖራል። ሴቲቱ በጨለማ የምትመራው ከትንፋሻችን በሚወጣው ካርቦን ዳዮክሳይድ፥ በላባችን ሽታና በገላችን ሙቀት ነው። ዕፀዋት በበኩላቸው ከነፍሳት መሸሽ ስለማይችሉ፥ ብዙዎቹ ቅጠላቸውን ለመከላከል ብርቱ ሽታ ያለው ዘይት ያዘጋጃሉ። እኛ በጤና አዳም፥ በጦስኝና በበሶብላ የምናሸተው መዓዛ ለእኛ ቅመም ይሁን እንጂ ለተክሉ ጋሻው ነው። እንግዲህ እናቶቻችን የተክሉን ጋሻ ለሰው ጋሻ አደረጉት ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ጥንቆላ የለም።

ይህም በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የወገርት፥ የቀበርቾ፥ የጥንጁትና የወይራ ጭስ በላቦራቶሪ ውስጥ በሀገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ በሆነችው ትንኝ ላይ ተፈተነ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከመቶ 90 በላይ፥ ወይራም ከመቶ 80 ያህል የሚሆኑትን ትንኞች ከመንከስ አገዱ። ጋንና የወተት ዕቃ የሚታጠንበት ጥንጁትና ወይራ ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ስንሰማ «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ትዝ አለን። ነገር ግን ላቦራቶሪ ነፋስ የሌለበት ጠባብ ቦታ መሆኑን አንርሳ። በሰፊ ግቢ ውስጥ ነፋስ ጭሱን ሲወስደው ኃይሉም አብሮት ይሄዳል።

«ሳይጨስስ? ተክሉ በደጃፍ ቢተከል ብቻውን አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለዚህም መልስ የሚሰጥ ሥራ አለ። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ሥዩም ከባልደረቦቹ ጋር በምዕራብ ኬንያ ባደረገውና በ2002 በታተመው ጥናት፥ ሦስት ዓይነት ተክሎች በማሰሮ እንደ ተተከሉ በመሞከሪያ ጎጆዎች ላይ ተፈተኑ። የበሶብላ ዘመድ የሆነው ተክል ከመቶ 40 ያህል፥ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ከመቶ 32 እስከ 33 ያህል ትንኞችን አራቁ። እንግዲህ ሕያው ተክል ሥራ አለው። ሆኖም ከመቶ 40 ቢመለሱ 60ው መንገድ አላጡም። ከሦስቱ አንዱ እኛ የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦ መሆኑንም ልብ እንበል። የወፍ ቆሎ በምሥራቅ ሀገራችን የግጦሽ መሬት እየወረረ ከብት የሚመርዝ አረም ስለ ሆነ ቢንቢ ያባርራል ብለን በግቢያችን ብንተክለው አንዱን ጠላት አስወጥተን ሌላውን እናስገባለን። በሶብላና ዳማከሴ ግን ለወጥም ለጉንፋንም ስለሚሆኑ በመስኮትና በደጃፍ ቢተከሉ ጥቅም እንጂ ኪሣራ የለባቸውም።

ሦስተኛው መንገድ ገላን መቀባት ነው። ከሻይ ጋር የምናፈላው ጠጅ ሣር፥ ሽቶ ባሕር ዛፍም የምንለው የሎሚ መዓዛ ያለው ባሕር ዛፍ በዚህ የታወቁ ናቸው። ቅጠሉ ታሽቶ በክንድና በእግር ላይ ቢታሽ ቢንቢን ለጊዜው ያርቃል። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል እናጥብቀው። ያ መዓዛ የሚሸተን ዘይቱ ወደ አየር እየበነነ ስለ ሆነ ነው፤ የሚበንን ነገር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካልተደገመ ዋጋ የለውም። ከሽቶ ባሕር ዛፍ ዘይት በኬሚስትሪ ሥራ የሚዘጋጀው ፒ.ኤም.ዲ. የተባለው ቅመም ግን ብዙ ሰዓት ስለሚቆይ ዛሬ በውጭ ሀገር ያሉ የጤና መሥሪያ ቤቶች ከሚመክሯቸው መከላከያዎች አንዱ ሆኗል፤ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ግን አይፈቀድም። ቅጠሉና ከላቦራቶሪ የወጣው ቅመም አንድ አለመሆናቸውን መለየት ይገባናል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ጤና አዳምንና የሎሚ ጭማቂን ገላ ላይ አሽቶ በፀሐይ መውጣት አደገኛ ነው። በውስጣቸው ያለው ቅመም ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ ያስቋጥራል፤ ጠባሳም ይተዋል። ጤና አዳም በቡና ስኒ ውስጥ ያምራል፤ በጆሮ ላይ ተሰክቶም ይሸታል። በክንድ ላይ ተቀብቶ በቀትር እግር ኳስ ለመጫወት ግን አይሆንም። ከቅጠል የመጣ ሁሉ ጉዳት የለውም ለሚለው ወገን ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ለአንደኛው ወገን ደግሞ፥ ማለት የቅጠልን ነገር ለሚንቀው፥ ሦስት ታሪክ እናስታውሰው። አጎበር የሚነከርባቸው መድኃኒቶች የፓይረትረም አበባን ቅመም በመምሰል በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው፤ አበባውም በጎረቤታችን በኬንያ ደጋ ለብዙ ዘመን ሲመረት የኖረ ነው። ወባን የሚያድነው አርቴሚሲኒን የተገኘው የጭቁኝ ዘመድ ከሆነ ተክል ነው። ያገኘችው ቻይናዊት ሳይንቲስት ቱ ዩዩ የሀገርዋን ጥንታዊ የመድኃኒት መጻሕፍት መርምራ ሲሆን፥ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። በሀገራችንም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያይ፥ ነገሩን አልናቀም፤ ዝም ብሎም አላደነቀም። ወደ ላቦራቶሪ ወስዶ መዘነው። እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በ1966 ያቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል። ልብስ አጣቢዎቹ ዕውቀቱን ሰጡ፤ የተማረው ሰው ሚዛኑን ጨመረበት። እኛ የምንመኘውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ መዝነን የደረስንበት ሐሳብ አንድ ነው። ዕፀዋቱ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ያም ሰዓት ፀሐይ ከጠለቀችበት ከምሽቱ 12 ሰዓት አንሥቶ ሰው ወደ መኝታው እስከሚሄድበት እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ያለው ነው። በዚህ ጊዜ አጎበሩ አልጋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኛ ግን ገና ውጭ ነን። እናት ራት ትሠራለች፤ ልጆች በግቢ ይሯሯጣሉ፤ ተማሪው በደጃፍ መብራት ያነብባል፤ ጎረቤትም ቡና ላይ ተቀምጧል። በሀገራችን ያለችው የወባ ትንኝ በዚሁ በምሽቱ መጀመሪያ ከቤት ውጭም ስለምትነክስ፥ አጎበርና የግድግዳ ርጭት የማይደርሱበት ክፍተት ይህ ነው። ጭሱም፥ የጠጅ ሣሩ ቅባትም፥ በደጃፍ የተተከለውም በሶብላ ይህን ክፍተት ቢሞሉ ትልቅ ውለታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ለአጎበር ማስረከብ አለባቸው። ፍሙ በእኩለ ሌሊት ይጠፋል፤ ትንኝዋ ግን እስኪነጋ አትተኛም።

ሌላም ሊረሳ የማይገባው ነገር አለ። ጭስ ትንኝን ያባርራል እንጂ አይገድልም። ከእኛ ግቢ የተባረረችው ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ እንቁላልዋንም በእኛው በርሜል ውስጥ ትጥላለች። በሞቃት አገር ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ የማይደፋና የማይከደን ውሃ ያለበት ግቢ ባለቤት፥ በአንድ እጁ እያባረረ በሌላ እጁ የሚያረባ ሰው ነው። የአኖፌለስ እጭ በውሃው ገጽ ላይ ጋደም ብላ ስትታይ፥ የሌሎቹ ቢንቢዎች እጭ ግን ጭንቅላትዋን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ይህን ለይቶ ለማየት ጎበዝ ዓይንና ነጭ ሳሕን ይበቃሉ፤ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። በድሬዳዋ ጥላው በየመንገዱ የሚታየው ኒም ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የነፍሳትን እጭ እድገት የሚያውክ ቅመም ስለሚያወጣ፥ ለመጠጥ በማይሆን በተጠራቀመ ውሃ ላይ ሊረዳ ይችላል። የኒም ዘይት ግን ለሕፃናት መርዝ ስለ ሆነ በአፍ እንዳይሰጥ እንመክራለን።

ስለ ጭሱም እውነቱን እንናገር። የዓለም ጤና ድርጅት በግምቱ በ2020 በቤት ውስጥ በሚነድደው ጭስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገልጻል። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ በተኛ ሕፃን ራስጌ ወይራ ማጨስ ከአንዱ በሽታ ሸሽቶ ለሌላው መዳረግ ነው። የጭሱ ቦታ ግቢው፥ ደጃፉና በረንዳው ነው። በገል ላይ ጥቂት ፍም፥ በላዩም እፍኝ የጥንጁት ቅጠል፤ ከተቀመጡትም ሰዎች በነፋሱ መምጫ በኩል ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ስለ ቀበርቾም እንዲሁ። ቀበርቾ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ነው። የሚጨስሰው ሥሩ ስለ ሆነ የተነቀለው ሁሉ ሞተ ማለት ነው፤ በገበያ የሚታየውም እስር አብዛኛው ከዱር የተቆፈረ ነው። ቅጠሉ የሚበቃውን ጥንጁትን መጠቀም ስንችል ሥሩን ቆፍረን ብንጨርሰው የነገው ተመራማሪ ምን ይመዝናል?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በወሬ እንዳይቀር ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ መደብ ትሰጠንና ጥንጁት፥ በሶብላ፥ ዳማከሴ፥ ጠጅ ሣርና ጦስኝ እንትከል። የዕፀዋት ትምህርት መምህሮቻችን ቢመሩን፥ በየተክሉ ራስጌ ስሙ በአማርኛና በተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ቢጻፍ፥ መደቢቱ መማሪያም ትሆናለች።

ሁለተኛ፥ ወባ በሌለበት በዚሁ በደጋው ግቢ ቀላል ሙከራ እናድርግ። ሁለት ወንበር በሃያ እርምጃ ተራርቆ ይቀመጥ፤ በአንዱ አጠገብ ጥንጁት ይጨስ፥ በሌላው አጠገብ አይጨስ። በሁለቱም የተቀመጡት ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያረፈባቸውን ቢንቢ ሳይነክስ እያባረሩ ይቁጠሩ። አንዱ ሰው ከሌላው ይልቅ ቢንቢ የሚስብ ስለሚሆን በማግሥቱ ወንበር ይለዋወጡ፤ ጭሱም አንድ ቀን በቀኝ፥ አንድ ቀን በግራ ይሁን። ይህ ለብዙ ምሽት ተደርጎ ሲመዘገብ ከመቶ ስንት እንደሚያባርር በራሳችን ቁጥር እንናገራለን። ወባ ባለበት አገር ግን ማንም ሰው ይህን እንዳይሞክር አጥብቀን እናሳስባለን።

ሦስተኛ፥ በዕረፍት ወደየሀገራችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ደብተር ይዘን እንሂድ። አያቶቻችንን፥ እናቶቻችንን፥ የከብት እረኞችን «ቢንቢን በምን ታባርራላችሁ? የትኛውን ክፍል? ቅጠሉን ነው ሥሩን? ስንት ሰዓትስ ይቆያል?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ፤ የነገሩንንም ሳንጨምር ሳንቀንስ እንጻፍ። በዚያውም በርሜሉን እንክደን፤ አሮጌውን ጎማ እንደፋ፤ አጎበሩ በአልጋ ላይ እንጂ በእህል ላይ አለመዋሉን እንይ። ከቤተሰባችን መካከል ትኩሳት የያዘው ሰው ቢኖር ደግሞ ቅጠል ስንቀጠቅጥ ጊዜ ሳናጠፋ በዚያው ቀን ደሙን እናስመርምር። ማባረሪያ ለቢንቢ ነው እንጂ ለታመመ ሰው መድኃኒት አይደለም።

ውድ ጓደኞቻችን፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር የሚያዘን እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ በእጃችን ባለው ነገር እንድናጠፋው ነው። ቅጠሉ በየጓሮአችን አለ። የጎደለው ምን ያህል እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚያበቃ አውቆ በሰዓቱ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ያንን ሰው ከመካከላችን እናውጣ።

መደቢቱን ለመቆፈር የሚፈልግ ሁሉ ዛሬውኑ ስሙን ያስመዝግብ፤ አካፋ ያለውም አካፋውን ይዞ ይምጣ።